የዳማው ዋና ዳኛ

ጥቅምት 4

ወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህና ወረቀት እያኘከ ከሚተፋው የኮፒ ቤቴ ማሽን በቀር ደህና ነን።

አዎ፣ ለግድባችሁ ሲሚንቶ የሚያደርሰው ሹፌር የነገረህ እውነት ነው። ይሄ ሰውዬ ሲሚንቶውን ትቶ ወሬ ቢያመላልስ ይከብር ነበር፤ እኔ ሳልነግርህ ቀድሞኝ ደረሰ። የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ ማስታወቂያ ለጥፌበታለሁ። «የሰፈራችን የዳማ ውድድር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሰብሰቢያ አዳራሹ» ይላል። ከሥሩ በደማቁ «ዋና ዳኛ» ብዬ የአባባን ስም እስከ አያታቸው ጽፌዋለሁ። «ለመሆኑ አባባ እሺ ብለው ነው?» ብለህ ላክህብኝ። አላሉም። አልጠየቅኋቸውማ!

ቆይ፣ አትቆጣ። ሆስፒታል ተኝተው ያየሃቸው አባባና አሁን ቤት ያሉት አባባ አንድ ሰው አይደሉም። ሰውነታቸው ተሽሏቸዋል። በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደዛለ ነው። ቃልም ቶሎ አይመጣላቸውም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ሁሉም አለ፣ ሐኪሙም ብሏል፤ አፋቸው ላይ እስኪደርስ ነው ጊዜ የሚወስደው። ታዲያ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የግቢውን በር አልፈው አያውቁም። መጋዛቸውን በብብታቸው ይዘው ሰፈሩን ሲዞሩት የኖሩ አናጢ፣ አሁን ጓዳ ገብተው ከግድግዳ ጋር ተፋጠዋል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ ይመስላሉ። እማዬ «አሁን ገና ሸለብ አደረገው» እያለች እንግዳ ትመልሳለች። ውሸቱ ሰልችቷታል።

እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? ውድድር አዘጋጃለሁ፣ ራሴም እጫወታለሁ። የምጫወት ከሆነ በራሴ ጨዋታ ዳኛ መሆን አልችልም። ዳኛ ሲባል ደግሞ ከአባባ ሌላ ማን አለ? በዚህ ሰፈር ዳማ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከእሳቸው የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የተማረው። ሁሉንም ካሰናዳሁ በኋላ ቀስ ብዬ ገብቼ «አባባ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» ልላቸው ነበር። ግን ለናሙና አንዷን ሳትማት እንዴት አማረች መሰለህ! ማሽኑም ያን ቀን ሳይጎርስ ሳይተፋ መሥራት ጀመረ። እሱ በዕድሜው አንዴ ሳይቆም ሲሠራ እኔ ልቁም? ወረቀቱ እስኪያልቅ አተምኩት፣ ሙጫው እስኪያልቅ ለጠፍኩት። አንዷን ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ ለጥፌያት ኖሯል፤ አባባ ከመስኮት ሆነው አነበቧት። ከዚያ ወዲህ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አባባ ከዚያ ክፍል ይውጡልኝ። ዋንጫውን የፈለገ ይውሰደው (ብወስደው ግን አልጠላም)።

ስለ ጋሽ ቧንቧ ጠይቀኸኛል። ለውድድሩ አንደኛ የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። አባባን ሊጠይቁ ግን አንድ ቀን ብቅ አላሉም። ስንት ዘመን ከሰዓት ከሰዓት አብረው ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች እንዲህ ይሆናሉ? የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ይጠግናሉ፤ የእኛ ግቢ ቧንቧ ግን ሲንጠባጠብ መጥተው አላዩትም። አባባ ምንም አይሉም፤ የበሩ መጥሪያ ሲደወል ግን ጆሯቸውን ቀና ያደርጋሉ። እኔ አይቻለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 13

እህትዓለም፣

አልተቆጣሁም። ሳቅሁ። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች «ምን አገኘህ?» እስኪሉኝ ድረስ ሳቅሁ። ሳይጠይቁ ሹመት የሚሰጥ መንግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ማስታወቂያዎቹን ላንሳቸው ወይ?» ብለሽ በሹፌሩ ለላክሽብኝ፣ እንዳታነሺ። አሁን ብታነሺያቸው ያፈርሽባቸው ይመስላቸዋል። ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ወረቀቱ ግን እዚያው ይቆይ። ዝናብ ካነሳው ያንሳው።

«ለምን አትደውልላቸውም?» ብለሽ ደግሞ ቆጥቁጠሽኛል። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው፤ ከሥራ ስንወጣ ሁላችንም እዚያ ተሰልፈን እንጮሃለን። ባለፈው ደወልኩ። እማዬ ስልኩን ሰጠቻቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ድምፅ የለም። «ሃሎ? አባባ? ሃሎ?» ስል አጠገቤ ያለው ልጅ «ተቋርጧል፣ ዝጋውና እንደገና ሞክር» አለኝ። አልተቋረጠም ነበር። ቃል እየፈለጉ ነበር። ስልክ ለእሳቸው የተሠራ ዕቃ አይደለም። ለዚህ ነው ሲሚንቶ የሚሸት ደብዳቤ የምልክልሽ።

የዋንጫውን ነገር ለእኔ ተዪው። የተራረፈ ብረት ሞልቷል፤ በምሳ ሰዓት እየበየድኩት ነው። ያምራል አልልሽም። አይሰበርም ብቻ ነው የምልሽ።

አንድ ነገር ግን ስሚኝ። አዘጋጅም ተጫዋችም እሆናለሁ ማለትሽ አላማረኝም። ሌላው ሰው ሲሸነፍ በዳኛ ያሳብባል። አንቺ በማን ልታሳብቢ ነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 26

ወንድምዓለም፣

ሰላም ብያለሁ፤ አንተ ግን ከሰላምታ በፊት መወቀስ አለብህ። ዋንጫህ ደረሰ። ሹፌሩና ረዳቱ ለሁለት ተሸክመው አስገቡት። አሸናፊው ጋሪ ይዞ ካልመጣ በቀር አይወስደውም። ለጊዜው የአዳራሹን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፈንበታል፤ እንደ ዋንጫ አይቼው አላውቅም፣ እንደ በር ድጋፍ ግን ወደር የለውም።

«ስንት ሰው መጣ?» ብለህ በሹፌሩ ለላክህብኝ፣ የተመዘገበው ሁሉ መጥቷል፣ ያልተመዘገበውም ሊያይ መጥቷል። አባባ የሠሯቸውን ሰሌዳዎች ከሥራ ቤታቸው አወጣኋቸው። የአዳራሹ ጠረጴዛዎች እግራቸው አንድ ልክ አይደለም፤ በወረቀት ካርቶን ደገፍኳቸው። ለአንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ለሌላው በጀርባው ደረደርን። ሕጉን ደግሞ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ላሚኔት አድርጌ፣ በየጠረጴዛው አስቀምጫለሁ። «መብላት ግዴታ ነው። መብላት እየቻለ ያልበላ ጠጠር ይነሳል።» አጭርና ግልጽ! ሰው እያነሳ ሲያነብ ልቤ እንዴት እንዳበጠ አልነግርህም።

መጫወቱ ግን መከራ ነው። አንድ ጠጠር አንስቼ ሳላስቀምጥ ከወዲያ ማዶ «ኮፒ! ነይ ፍረጂ!» ይሉኛል። ሄጄ ፈርጄ ስመለስ ምን አስቤ እንደነበር ጠፍቶኛል። በሌሎቹ ላይ እኔ እፈርዳለሁ። እኔ ስጫወት ደግሞ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ ትፈርዳለች። እሷም ተጫዋች ናት፤ ጨዋታውን ትችላለች፣ ክርክር ሲነሳ ግን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ትላለች። ለበሽተኛ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ለዳኛ አይሆንም። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዙር አለፍኩ። ሁለተኛውንም አለፍኩ! ባለሱቁን ነው ያሸነፍኩት፣ አሁን ስክሪፕቶ ሊሸጥልኝም አኩርፏል።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንተ «ይቅርታ ጠየቅሻቸው?» ብለህ ባትደጋግምብኝ ልዘለው ነበር። ጠየቅኋቸው። ጓዳ ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «አባባ፣ ሳልጠይቅዎት ስምዎን ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ዞሩ። «አንቺ…» ብለው ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጭንቀቱን አልቻልኩትም፤ «አንቺ ልጅ አስቸገርሽኝ ነው? ይቅር ብዬሻለሁ ነው?» አልኩ። አፋቸውን ገጠሙ። ወደ ግድግዳው ተመለሱ።

እማዬ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝ። በሹክሹክታ ነው የጮኸችብኝ። «ቃሉን ከአፉ ትነጥቂዋለሽ! አንቺ ትጨርሺለታለሽ፣ እኔ እጨርስለታለሁ፣ ጠያቂው ይጨርስለታል። ሁላችን ስንጨርስለት እሱ መጀመሩን ተወው።»

እኔ የማግዛቸው መስሎኝ ነበር።

እህትህ


ኅዳር 3

ወንድምዓለም፣

ሹፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ሰላምታውን ከልቤ ውሰደው። ፍርድ እፈልጋለሁ፣ ቶሎ!

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከጋሽ ቧንቧ ጋር ተገጣጠምን። ሲጫወቱ አፋቸው አያርፍም፤ እኔ የማስበውን ሁሉ ቀድመው ይናገሩታል። ያም ሆኖ አንድ ጠጠሬ ወዲያ ጫፍ ደርሶ ነገሠ። ያ ንጉሤ በሁለት በኩል መብላት ይችል ነበር። በቀኝ አንድ ጠጠር፣ በግራ ሁለት። በቀኝ ያለውን አንዱን በላሁ፣ ማረፊያው አስተማማኝ ነበረና። ጋሽ ቧንቧ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ይነሳል! ንጉሡ ይነሳል!»

«ምን ሲደረግ? በላሁ እኮ!»

«ሁለት እያለ አንድ በላሽ! ብዙው ነው ግዴታው።»

«ሕጉ መብላት ግዴታ ነው ይላል። ስንት እንደሚበላ አይልም።»

«ሕጉን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ተርጓሚውስ?»

አዳራሹ ሁሉ አየኝ። ንጉሡ ከተነሳ ተሸነፍኩ፤ ካልተነሳ በሁለት እርምጃ አሸንፋለሁ። ሁለቱንም ማንም ያየዋል። ሲስተርን ስናያት እጇን አነሳች፤ «እኔን መርፌ ውጊ በሉኝ» አለች። ግማሹ ሰው «ይነሳል»፣ ግማሹ «አይነሳም» ይላል። ሁሉም ከአባባ እንደተማረ ይምላል። እኔም ከአባባ ነው የተማርኩት፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፣ ወይም ረስቼዋለሁ።

ጨዋታውን ባለበት አቆምነው። ቆርኪዎቹ እንዳይነቃነቁ እያንዳንዳቸውን በፕላስተር ሰሌዳው ላይ ለጠፍናቸው። አንተ እንድትፈርድ ተስማምተናል። ጋሽ ቧንቧ «ወንድሟ አያዳላላትም፤ ከእሷ ጋር ሲጣላ ነው ያደገው» አሉ። የሰሌዳውን ሥዕል አያይዣለሁ። ይነሳል ወይስ አይነሳም? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 10

እህትዓለም፣

በመጀመሪያ ያደረግሽብኝን ልንገርሽ። ሹፌሩ ሥዕሉን መንገድ ላይ ሲያጠናው መጥቶ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ፍርዱን ሰጠ። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ምግብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በያጆቹ «ይነሳል» ይላሉ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ «አይነሳም» ይላሉ፤ ትናንት ጨው ለመቀባበል እንኳ አልተነጋገሩም። አለቃችን «ይሄ ግድብ በእህትህ ንጉሥ ምክንያት ሊዘገይ ነው» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። አልጽፍልሽም።

ደብዳቤውን አትቅደጂው፣ ጨርሺው። ዳማውን ለሰፈሩ ሁሉ ያስተማሩት ሰውዬ አንቺ ከምትተኚበት ግድግዳ ማዶ ተቀምጠው፣ ፍርድ ከሲሚንቶ መኪና ላይ ትጠብቂያለሽ? ዳኛ ፈልጌ ነው ብለሽ ነበር የጀመርሽው። ያን ጊዜ ሰበብ ነበር። አሁን ግን የእውነት ዳኛ ጠፍቶብሻል። ሰው የመጣው ሊያዝንላቸው ሳይሆን ፈልጓቸው ከሆነ ይገባቸዋል። እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ አዋቂ ጠይቂያቸው።

ሰሌዳውን ጋሽ ቧንቧ ራሳቸው ይሸከሙት። «ለምን አይመጡም?» ብለሽ እኔን ከምትጠይቂ እሳቸውን ጠይቂያቸው።

ደግሞ አባባ መናገር ሲጀምሩ ምላስሽን ንከሺ። እስኪደማ ንከሺው።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ወንድምዓለም፣

የሰደብኩህን ስድብ ሹፌሩ በቃሉ ይዞልሃል፤ ወረቀት ላይ አይጻፍም። ቀጥሎ ያለው ምስጋና ነው።

ጋሽ ቧንቧን ያገኘኋቸው ሰው ቤት እቃ ማጠቢያ ሥር ተጋድመው ነው። እግራቸው ብቻ ይታያል። የአንተን መልስ አነበብኩላቸው። ቁልፋቸው ቧንቧው ላይ መንቋቋቱን አቆመ። «ለምንድን ነው አባባን የማይጠይቋቸው?» አልኩ። ፊታቸውን ባየው ኖሮ የሚነግሩኝ አይመስለኝም።

«አንድ ቀን በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ» አሉ ከዚያ ሥር ሆነው። «ምን ብዬ ልግባ ልጄ? የእኔ አፍ አያርፍም፣ እሱ ደግሞ ቃል ቸግሮታል። ፊቱ ተቀምጬ ስለፈልፍ ላሾፍበት የመጣሁ ይመስለዋል ብዬ ፈራሁ። ዝም ልል ደግሞ አልችልበትም።»

«እኔም አልችልበትም» አልኳቸው። «አብረን እንሞክራለን።»

ሰሌዳውን ከነፕላስተሩ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ጓዳ ስንገባ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እማዬ የተለመደውን ልትል አፏን ስትከፍት ራሴን ነቀነቅሁባት። ጋሽ ቧንቧ ተቀመጡ፣ ሰሌዳውን ብርድ ልብሱ ላይ አደረጉ፣ የሆነውን ባጭሩ ተናገሩ (ባጭሩ! እሳቸው!)፣ ከዚያ ዝም አሉ። አባባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰሌዳውን አዩ። ሁለተኛው ዓይናቸውም ተገለጠ።

ብዙ ቆዩ። ሲጀምሩ «እ…» ብለው ያዛቸው። ጋሽ ቧንቧ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እግራቸውን ረገጥኩት። እኔም ልል ነበር፤ እሳቸው ጉልበቴን ቆነጠጡኝ። እንዲህ ተያይዘን ጠበቅን። «እዚህ… አይደለም» አሉ አባባ። ጨርሰዋል ብዬ ልነሳ ስል፣ አልጨረሱም። «አዳራሽ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

እማዬ ከበሩ ኋላ ሆና አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«ይሄዳሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላነሱም። እማዬ ግን ኮታቸውን አውጥታ ስትቦርሽ አዩና «ተዪው» አላሉም።

ፈርቻለሁ። ሰው ፊት ቆመው ቃሉ ቢጠፋባቸውስ? ከዚያ ወዲያ ከዚያ ክፍል የሚያወጣቸው የለም። ጥፋቱም የእኔ ይሆናል።

እህትህ


ኅዳር 21

እህትዓለም፣

መኪናው ሞተሩን አላጠፋም፣ ያለ ሰላምታ ይቅር በይኝ። ቅዳሜ እዚያ ሳልኖር ነው የሚያልፈው፤ ቀኑን ሙሉ ጭንብሌን ደፍቼ ብረት ስበይድ ልቤ እዚያ ይሆናል። ስትጽፊልኝ ፍርዱን አታስቀድሚ። መጀመሪያ በሩን እንዴት እንደወጡ ጻፊልኝ። ማን አብሯቸው እንደሄደ፣ በየት በኩል፣ ሰው ምን እንዳለ። ከተሸነፍሽም መናደድሽንና አለመናደድሽን አሳውቂኝ፣ አትዋሺኝ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለወሩ መጨረሻ ሳይሰጡኝ አይቀሩም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ካልተሰጠኝ ታዝናለች።

አትርሺ፣ ምላስሽን።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ወንድምዓለም፣

እንዳዘዝከኝ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ።

በሩን የወጡት በራሳቸው ነው። ማንም «እንሂድ» አላላቸውም። ጋሽ ቧንቧ ከምሳ በኋላ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ያንን የሚንጠባጠብ ቧንቧ መፍታት ጀመሩ። ሊጠግኑ ይሁን እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ አላውቅም። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። በግራ እጃቸው ነው ቁልፉን የቆለፉት፣ አንዱ ቁልፍ ተሳስቷል፤ እማዬ አይታ ዝም አለች። በበሩ ስንወጣ አባባና ጋሽ ቧንቧ ጎን ለጎን፣ እማዬ ቀድማ፣ እኔ ሰሌዳውን ይዤ ከኋላ። በሱቆቹ መንገድ ሄድን። ሰው ከየደጃፉ እየተነሳ «እንዴት ነዎት!» ይላል። አባባ ምርኩዛቸውን ለጋሽ ቧንቧ ሰጥተው ግራ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ምርኩዙን ይቀበላሉ፤ ቀጥሎ ያለው ሰው ደግሞ ሰላም ይላል። ስለዚህ መንገዱ ረጅም ሆነ።

አዳራሹ ሞልቷል። ዳማ የማያውቅ ሰው ሁሉ መጥቷል። ሰሌዳውን አስቀመጥኩ፣ አባባ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጋሽ ቧንቧ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል። ሲስተር ቆማ፣ ጤና ጣቢያ ተራ ጠባቂዎችን ዝም እንደምታሰኘው እጇን ወደ ሰው ዘረጋች። ወንበር እንኳ አልተንቋቋም።

አባባ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ጋሽ ቧንቧን አዩ። «ሁለት…» ብለው ጀመሩ።

ቃሉ ቆመ።

ወንድሜ፣ ያን ዝምታ እንዴት ልንገርህ። ግንባራቸው አላበው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ገደልኳቸው» አልኩ በሆዴ፤ «በገዛ እጄ እዚህ አምጥቼ ሰው ፊት አዋረድኳቸው።» ፍርዱ በዚያ ሰዓት ገብቶኛል። ከፊታቸው አንብቤዋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይገላገላሉ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጋሽ ቧንቧን አየኋቸው፤ ፍርዱ ለእሳቸው እንደሆነ እሳቸውም ገብቷቸዋል፤ ከንፈራቸውን በጣታቸው ይዘዋል፣ የእውነቴን ነው፣ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይዘዋል። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ያ ለፍላፊ ሰፈር፣ ስልክ እንኳ የማያስጨርስ ሰፈር፣ ቆሞ ጠበቀ።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። ማንም ቀድሟቸው እንዳልተናገረ አዩ። ትከሻቸው ወረደ፣ ተነፈሱ፣ እንደገና ጀመሩ።

«ሁለት… የሚበላ… እያለ…» አሉ። አረፉ። «አንድ… አይበላም።»

ከዚያ በግራ እጃቸው ጥፍር ፕላስተሩን ቀስ አድርገው ላጡ፣ ንጉሤን አነሱት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ይነሳል» አሉ። ይሄኛው ቃል ሲወጣ ጥርት ብሎ ነው የወጣው፤ የጥንቱ ድምፃቸው ነው።

ጭብጨባውን ግድቡ ድረስ ሳትሰማው አትቀርም። ጋሽ ቧንቧ አሸንፈው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ሰዉ ከአባባ ንግግር ይልቅ በዚህ ሳይገረም አልቀረም።

መናደዴን ጠየቅኸኝ። ተናደድኩ! ለካ ሰው ደስ ብሎት እያለቀሰም መናደድ ይችላል። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ! እንባዬን እየጠረግሁ «አባባ፣ ይሄ ግን ሕጉ ላይ አልተጻፈም እኮ!» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሳይዘገዩ፣ ሳይፈልጉ፣ ቀና ብለው «ጻፊው» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር።

በፍጻሜው ሲስተር ጋሽ ቧንቧን ዘረረቻቸው። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» የምትለዋ ሴትዮ ጠጠር ስትበላ እንዴት እንደምትጨክን ብታይ! ዋንጫህን ሊወስዱላት አራት ሰዎች ተሰልፈዋል።

አሁን ተረት አልነግርህም። እጃቸው ያው ነው። ቃሉም ያው ነው፤ አንዳንድ ቀን ይብሳል። ሲስተር እየመጣች ታያቸዋለች፣ «ጊዜ ይወስዳል» ትላለች። ግን ከሰዓት ሲሆን ጋሽ ቧንቧ ይመጣሉ፣ አባባ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ የእኔ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ይጫወታሉ። ደንበኛ ኮፒ ሊያደርግ ይመጣና ቆሞ ያያል፤ ያመጣውን ወረቀት ረስቶ ይሄዳል። ትናንት አንዱ ሰውዬ፣ አባባ ሲናገሩ ሊጨርስላቸው ሞከረ። ጋሽ ቧንቧ ዞረው እንዴት እንዳዩት!

ፈቃድህ እስኪሰጥህ ለእማዬ አልነግራትም። አንተም ስትመጣ በር ላይ ሆነህ «እንዴት ነዎት?» ብለህ ሻንጣህን ለማስገባት እንዳትቸኩል። ሻንጣው ይቆይልህ። መልስ አላቸው፤ ቆመህ ተቀበላቸው።

ማሽኑ ወረቀት ጎርሷል፣ ሁለት ደንበኞች እያጉረመረሙብኝ ነው። ከደጅ ደግሞ አባባ እየጠሩኝ ነው። «ነይ» ብለዋል፤ ቀጥሎ ያለው ገና አልመጣም። ምን እንደፈለጉ አላውቅም። ሄጄ እስኪነግሩኝ ልቁም።

እህትህ